ዶክተሩ መልኩን ሲቀይር

«ዶክተር ሁ» የተሰኘው የቢቢሲ የሳይንስ ልቦለድ ድራማ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1963 ነው። በ1966 የዋና ተዋናዩ የዊልያም ሃርትኔል ጤና ሲታወክ አዘጋጆቹ ድራማውን አልዘጉትም። «ዶክተሩ» የተባለው ዋናው ገጸ ባሕርይ የሌላ ዓለም ፍጡር ነውና ሊሞት ሲል አካሉ ይታደሳል የሚል መላ ዘየዱ፤ ብልህ መላ ነበር። ተተኪው ፓትሪክ ትራውተን ቀልደኛ ሆኖ ብቅ ሲል አንዳንዱ ተመልካች ቅር ተሰኘ፤ እያደር ግን ለመደው።

ሙግቱ የከረረው በ2017 ጆዲ ዊተከር የመጀመሪያዋ ሴት ዶክተር እንደምትሆን ሲነገር ነው። ቀድሞ ሚናውን የተጫወተው ፒተር ዴቪሰን ወንዶች ልጆች አርአያ ያጣሉ ብሎ ሰጋ፤ ሌላው የቀድሞ ዶክተር ኮሊን ቤከር ግን የዴቪሰንን ሐሳብ አጥብቆ ተቃወመ። ያም ሆኖ በ2018 የመጀመሪያ ክፍሏን በብሪታንያ ወደ 11 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው። በ2022 ደግሞ ሩዋንዳ ተወልዶ ስኮትላንድ ያደገው ሹቲ ጋትዋ ሚናውን እንደሚረከብ ተነገረ።