ጠብታ ሳይፈስ፦ የጉበት ከረጢት፣ መርፌና ማሚቶ

አራዳን የሚያውቅ ሁሉ በ2016 ዓ.ም. የፈረሰውን የፒያሳውን ዶሮ ማነቂያ ያስታውሳል። ከሥጋ ቤቶቹ ደጃፍ ቅንጥብጣቢ የሚጠብቁ ውሾች አይጠፉም ነበር። ቁርጥ የሚወድ ሰው የሚፈራው ኮሶን ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ሆኖም በሜትር የሚለካው ኮሶ፣ ኢኪኖኮከስ የሚባል ከ7 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ዘመድ አለው። ይህኛው ወደ ሰው የሚመጣው በጥሬ ሥጋ ሳይሆን በውሻ በኩል ነው። ውሻ የታመመ በግ ወይም ከብት ጉበትና ሳንባ ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ ዕንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ሰው ባልታጠበ እጅ ወይም አትክልት ዕንቁላሉን ሲውጥ፣ እጩ አብዛኛውን ጊዜ በጉበት ያርፍና ለዓመታት የሚያድግ የፈሳሽ ከረጢት ይሠራል። በአገራችን በሽታው በተለይ በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ ይታወቃል።

ከረጢቱ እንደ ተነፋ ኳስ በግፊት የተወጠረ ነው። ፈሳሹ በሆድ ዕቃ ውስጥ ቢፈስ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስከትል፣ በውስጡ ያሉት የትል ራሶችም አዳዲስ ከረጢቶች ሊያበቅሉ ይችላሉ። ስለዚህ በመርፌ መውጋት ለብዙ ዘመን እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር፤ መፍትሔው ሆድን በሰፊው መክፈት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1986 የቱኒዝያ ሐኪሞች ሌላ መንገድ አቀረቡ፦ መውጋት፣ መቅዳት፣ መድኃኒት መጨመር፣ እንደገና መቅዳት። መርፌውን የሚመራው አልትራሳውንድ ነው። ድምፅ በሰውነት ውስጥ በሴኮንድ 1540 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ደርሶ ለመመለስ 130 ማይክሮ ሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል። ጥርት ያለ ፈሳሽ ማሚቶ ስለማይመልስ ከረጢቱ በመስታወቱ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ የመርፌው ጫፍ ደግሞ ያበራል። መርፌው አስቀድሞ ጤናማውን የጉበት ሥጋ እንዲያቋርጥ ይደረጋል፤ ሥጋው እንደ ውታፍ ሆኖ ፈሳሹን ያግዳል። ጥቂት ሲቀዳም ግፊቱ ይወርዳል።

የተቀዳው ፈሳሽ ሐሞት እንደሌለበት ከተረጋገጠ በኋላ፣ 20 በመቶ የጨው ውሕድ ወይም 95 በመቶ አልኮል ይገባል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ይቀዳል። ታካሚው ከሕክምናው በፊትና ቀጥሎም ለአንድ ወር ያህል አልቤንዳዞል ይወስዳል። ድንገተኛ አለርጂን ለማከም የሚችል ቡድንም በአጠገቡ መኖር አለበት።

ዘዴው ለሁሉም አይሆንም። በጠጣር ነገር የተሞላ ወይም ከሐሞት ቱቦ ጋር የተገናኘ ከረጢት በዚህ መንገድ አይታከምም። ለአንዳንዱ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ የሚሠራው ላፓራስኮፒ፣ ለሌላውም የቀድሞው ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

ስለ ማሚቶና ስለ ግፊት ስናስተምር «ለምን ይጠቅመናል?» የሚለን ተማሪ አይጠፋም። እነሆ መልሱ፦ ሰፊውን ስፌት ወደ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ያሳነሱት እነዚሁ ሁለት ትምህርቶች ናቸው። ከመርፌው በፊት የሚቀድመው ግን የሁላችን ሥራ ነው፦ እጅን መታጠብ፣ ለውሻ የትል መድኃኒት መስጠት፣ የታመመውንም ጉበት ከውሻ አርቆ መቅበር።