«እኛም ጠጥተን ወልደናል»

በካልጋሪ ደቡብ ምሥራቅ፣ ፎረስት ሎን ውስጥ የሚያልፈውን 17ኛ ጎዳና የከተማው ሰው ኢንተርናሽናል አቬኑ ይለዋል። የሀበሻ ምግብ ቤትና የቬትናም ሾርባ ቤት የሚጎራበቱበት ሰፈር ነው። አንድ ቅዳሜ እዚያ ማዕድ ከብበን ሳለ ብርሌው ነፍሰ ጡር ዘመዳችን ጋ ደረሰ። «ይቅርብኝ እማማ» አለች። እማማ ደግሞ «ኧረ ቅመሽ የኔ ልጅ! እኛም ጠላ እየጠጣን አይደል የወለድናችሁ?» አሏት።

የእማማ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። ጠጅም ሆነ ጠላ፣ ቢራም ሆነ አረቄ፣ አልኮሉ ያው ኢታኖል ነው፤ እንግዴ ልጅም አያግደውም። ሎምዋን የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1968 እ.ኤ.አ. በእርግዝና ወቅት የተጠጣ አልኮል የሚያደርሰውን ጉዳት በሕፃናት ላይ አይተው ጻፉ፤ በ1973 ደግሞ ጆንስና ስሚዝ የተባሉ የሲያትል ሐኪሞች ስም አወጡለት። አልኮሉ ሴሉን ምን እንደሚያደርገው ለማወቅ ግን ገና ብዙ ዓመት ይቀር ነበር።

በማደግ ላይ ያለ አንጎል ከሚያስፈልገው በላይ የነርቭ ሴል ያመርታል። ከጎረቤቱ መልእክት የደረሰው ይኖራል፤ ያልደረሰው ራሱን በራሱ ያፈርሳል። መልእክቱን ከሚያደርሱት አንዱ ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ግሉታሜት የሴሉን በር ሲከፍት ካልሲየም ይገባል። አልኮል ይህን በር ይዘጋል። ኢኮኖሚዱ፣ ኦልኒና ባልደረቦቻቸው በ2000 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ አልኮል በተሰጣቸው የአይጥ ግልገሎች አንጎል ውስጥ ሴሎች በጅምላ ራሳቸውን አጠፉ። ሕመም ሳይኖርባቸው «ኑር» የሚላቸው ስላጡ ሞቱ ማለት ነው።

በሩ ከተዘጋ መልእክቱን በሌላ በኩል ማስገባት ይቻል ይሆን? በአሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል ቦንቲየስና ባልደረቦቹ የመልእክቱን መንገድ ተከትለው ሄዱ። የገባው ካልሲየም አንድ ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ ኢንዛይሙ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይሠራል፤ ጋዙ ሲጂኤምፒ የተባለ መልእክተኛ እንዲመረት ያደርጋል፤ እሱም ሴሉን በሕይወት የሚያቆዩ ፕሮቲኖችን ያነሣሣል። ተመራማሪዎቹ የመጀመሪያውን በር ትተው ሲጂኤምፒን የሚተካ ንጥረ ነገር ለሴሎቹ ሲሰጡ፣ አልኮል ይገድላቸው ከነበሩ ሴሎች ብዙዎቹ ተረፉ። ዕድሜያቸው የገፋ ሴሎች አልኮልን የሚቋቋሙትም ይህ ቅብብሎሽ ስለበሰለላቸው ነው፤ ሲቋረጥባቸው እነሱም ይሸነፋሉ።

 

አሁን ወደ እማማ እንመለስ። የቦንቲየስ ቡድን የናይትሪክ ኦክሳይዱን ኢንዛይም የሚሠራው ጂን የጎደላቸውን አይጦች ከጤነኞቹ ጋር አነጻጽሯል። የሁለቱም ግልገሎች አልኮል ቀመሱ፤ ጂኑ የጎደላቸው ግን የበለጠ ብዙ ሴል አጡ። እማማ ልጆቻቸውን በደህና መውለዳቸው እውነት ነው፤ የአንዱ ፅንስ ቅብብሎሽ ጠንካራ፣ የሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል። መጠኑ፣ ጊዜውና የእናት አመጋገብም ልዩነት ያመጣሉ። የትኛው ፅንስ የትኛው እንደሆነ ግን ብርሌ የያዘ ሰው አያይም።

ታዲያ መድኃኒቱን ለምን አንሠራም? ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይገድላል፤ የደም ሥርንም ያሰፋል። ለአንጎል ብለን የምንሰጠው መላ ሰውነትን ይነካል። ስለዚህ ነገሩ እስካሁን ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የካናዳ የ2023 መመሪያ በእርግዝና ወቅት ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን አይታወቅም ይላል።

ያን ቅዳሜ ዘመዳችን ብርሌውን አጠገቧ ላለው ሰው አሳለፈች። እማማም ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና አስተናጋጇን ጠርተው «ለልጄ ሻይ አምጪላት፤ ቅርንፉድ ጨምሪበት» አሉ።