ከድግስ መካከል የሚነሣ ምርመራ

ሰው ከሌላ ሰው እጅ ምግብ ተቀብሎ ሲበላ፥ ሳያስበው ነፍሱን አደራ ይሰጣል። ወጡን ማን እንደ ሠራው፥ ምንስ እንደ ጨመረበት ሳይመረምር ይጎርሳል፤ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋራ ተማምኖ የሚኖረው በዚሁ ዓይነት ነው። ይህ መተማመን አንድ ቀን የፈረሰ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? ጥያቄውን በጨዋታ እያዋዙ የሚያቀርቡ መጻሕፍት በአሜሪካ አገር አሉና፥ ከእነርሱ አንዱን ተከታታይ ድርሰት ለአንባብያን ልናስተዋውቅ ወደድን።

የዚህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ሥርዐት የታወቀ ነው። ግድያ ይፈጸማል፤ ነገር ግን ደሙ በአንባቢው ፊት አይፈስም። መርማሪው ከፖሊስ ወገን ያልሆነ ተራ ሰው ነው፤ ጥፋተኛውም ከሩቅ የመጣ ወንበዴ ሳይሆን ሁሉ የሚያውቀው ሰው ሆኖ ይገኛል። መንገዱን ከጠረጉት ደራስያን አንዷ እንግሊዛዊቱ ወይዘሮ አጋታ ክሪስቲ ናቸው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ሠርተው ስለ ነበረ፥ የመርዝን ነገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ምርመራውን ወደ ማእድ ቤት ካስገቡት መካከል ደግሞ አሜሪካዊቱ ወይዘሮ ቨርጂንያ ሪች ይገኛሉ፤ መጽሐፋቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. ታተመ።

እኛ የምንናገርላቸው ወይዘሮ ዳያን ማት ዴቪድሰን በዚያው አቆጣጠር ከ1990 እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ 17 መጻሕፍት አሳትመዋል። ባለታሪኳ ጎልዲ ትባላለች፤ ለደስታም ለሐዘንም ምግብ እያሰናዳች በዋጋ የምታቀርብ ሴት ናት። አስፐን ሜዶ የተባለችው ከተማዋ በካርታ ላይ አትገኝም፤ ደራሲዋ በኮሎራዶ ተራሮች ላይ የምትገኘውን ኤቨርግሪንን አይተው የፈጠሯት ናት።

በመጀመሪያው መጽሐፍ የጎልዲ ልጅ መምህርት የነበረች ሴት ትሞታለች፤ ከቀብር መልስ የሚቀርበውንም ምግብ ጎልዲ ታሰናዳለች። ሐዘንተኛው ተሰብስቦ ሳለ የቀድሞ ባሏ አባት ተመርዞ ይወድቃል። ፖሊስም ጎልዲን ጠርጥሮ ሥራዋን ይዘጋባታል።

ከዚህ በኋላ ጨዋታው ጨዋታ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ጎልዲ ይደበድባት ከነበረው ባሏ ተለይታ ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ ናትና፥ ምድጃዋ ከጠፋ የልጇ እንጀራ ይቋረጣል። ስሟም ቢሆን ከምድጃዋ አይለይም፤ በመርዝ የተጠረጠረች ባለሙያ የሠራችውን ማን ደፍሮ ይቀምሳል? እንግዲህ ጥፋተኛውን የምትፈልገው ለጀብዱ ሳይሆን የእጇን ንጽሕና ለማስመስከር ነው። ያ ይደበድባት የነበረውም ሰው ሐኪም ነው፤ በአደባባይ የተከበረ፥ በቤቱ ግን እጁን የሚያነሣ ነበር። ስለ እንዲህ ያለ ቤት የተጻፈ ከባድ መጽሐፍ ለመግለጥ የማይደፍር አንባቢ፥ ነገሩን ከምግብ ወሬ መካከል ያገኘዋል።

በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የምግቡ አሠራር ከነልኩ ተጽፎ ይገኛል። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ገበያ መሳቢያ ይቈጥረው ይሆናል፤ ለእኛ ግን ሌላ ትርጉም ይሰጠናል። መርዝ በስውር የሚሠራ ነገር ነው፤ በምን እንደ ተደባለቀ የሚያውቀው አድራጊው ብቻ ነው። የምግብን አሠራር ጽፎ መስጠት ግን ፈጽሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «በእጄ ያለው ይህ ነው፤ አንተም ሠርተህ ቅመሰው» እንደ ማለት ነውና። የፈረሰው መተማመን የሚጠገነውም በዚህ ነው። እርግጥ ቅቤና እንቁላል የበዛበት ስለ ሆነ፥ ጾመኛ አንባቢ ፍስክ እስኪገባ ድረስ በንባብ ብቻ መታገሥ ይኖርበታል።

ነቀፌታም አለን። በአንዲት ትንሽ ከተማ በየመጽሐፉ ሰው ሲገደል፥ ሟቹ እንቆቅልሽ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ አንባቢውም ገዳዩን ለማወቅ ሲቸኩል የሟቹን ስም ይረሳል። የቤት ውስጥ ድብደባም ስለሚነገርበት መጽሐፉ ለአዋቂዎች እንጂ ለሕፃናት አይሰጥም። እንግዲህ ከቤተሰቡ መካከል ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ቢኖር፥ «ገዳዩ ማን ነው?» ከማለቱ በፊት «ለሟቹ ያለቀሰለት ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መጽሐፉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ካለው፥ ቀላል ቢሆንም ባዶ አይደለም።