የሴትን ብልት መበሳት፦ የጤና ባለሙያው ሊለየውና ሊያውቀው የሚገባ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ በሚገኘው ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር ሴቶች በጌጥ አምረው ይወጣሉ። በዓሉ በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የሰፈረ ሲሆን ከሌላው የአገሪቱ ክፍልና ከውጭ አገር የሚመጡ እንግዶችም ይታደሙበታል። በአደባባዩ ከሚታየው ጌጥ አንዱ የጆሮ ጌጥ ነው። ጆሮን መበሳት በአገራችን ከሕፃንነት ጀምሮ የሚደረግ በመሆኑ ማንም እንደ ጉዳት አይቆጥረውም። ስለ ሌላ የአካል ክፍል መበሳት ስንጠየቅ አስተሳሰባችን ሳናውቀው ከዚሁ ከጆሮው የሚነሣውም ለዚህ ነው።

በዚህ በዓል ሰሞን በአንድ ምሽት ሁለት ሴቶች በአንድ የከተማዋ ጤና ተቋም ተረኛ ባለሙያ ዘንድ ቀረቡ እንበል። አንደኛዋ ለበዓሉ ከውጭ አገር የመጣች የ28 ዓመት ወጣት ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት በምትኖርበት ከተማ የቂንጥሯን ሽፋን አስበስታ ጌጥ አስገብታለች፤ አሁን ዙሪያው አብጦ መግል ይዟል። ሁለተኛዋ የሰባት ዓመት ሴት ልጇን ይዛ የመጣች እናት ስትሆን፣ ‹‹መቁረጡ ክልክል መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ሲስተር፣ በንጹሕ መርፌ ትንሽ ብቻ ወጋ ያድርጉልኝ፤ ደም ጠብ ካለ ይበቃል›› ትላለች። በሁለቱም ዘንድ ያለው ድርጊት በመርፌ መብሳት ነው። ከባለሙያው የሚጠበቀው ምላሽ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የሚያሳስበው ነገር ባለሙያው የመጀመሪያዋን ገሥጾ፣ ለሁለተኛዋ ደግሞ አዝኖ ፈቃዷን ሊፈጽምላት መቻሉ ነው።

‹‹ትንሽ መውጋት››

የዓለም የጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት የጋራ መግለጫ የሴት ልጅ ግርዛት በአራት ዓይነት ተከፍሏል። አራተኛው ዓይነት ለሕክምና ዓላማ ሳይሆን በሴት ብልት ላይ የሚፈጸሙ ሌሎች ጎጂ ድርጊቶችን ሁሉ የሚያጠቃልል ሲሆን መውጋት፣ መብሳት፣ መሰንጠቅ፣ መፋቅና መተኮስ በምሳሌነት ተጠቅሰዋል። ትርጉሙ እንዲህ ሰፊ የሆነው በስም ለውጥ የሚያመልጥ ቀዳዳ እንዳይኖር ታስቦ ነው። ይኸው መግለጫ በአንዳንድ አገሮች በሕግ የተፈቀዱና እንደ ግርዛት የማይታዩ ድርጊቶችም በትርጉሙ ሊጠቃለሉ እንደሚችሉ ሳይሸሽግ አስቀምጧል። ከዚህ የተነሣ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በፈቃዳቸው ብልታቸውን ያስበሱ አዋቂ ሴቶች ጭምር በጤና መዝገብ በአራተኛው ዓይነት ሥር እንዲመዘገቡ በመደረጉ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር።

‹‹ትንሽ ብንወጋ ከትልቁ ጉዳት እናድናለን›› የሚለው ሐሳብ የእናቶች ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 ባወጣው መግለጫ፣ ሐኪሞች ሥርዓቱን ለማሟላት ያህል ትንሽ እንዲወጉ ቢፈቀድላቸው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ለከፋ ግርዛት ወደ ውጭ ከመውሰድ ሊቆጠቡ ይችላሉ የሚል ሐሳብ አንሥቶ ነበር። ከየአቅጣጫው ተቃውሞ ስለ ተነሣበት በወሩ መግለጫውን አንሥቷል። የኢንዶኔዥያ ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2010 የጤና ባለሙያዎች የቂንጥርን ሽፋን እንዲጭሩ የሚፈቅድ መመሪያ አውጥቶ በ2014 ሽሮታል። ሁለቱም ያሰቡት ጉዳቱን ለመቀነስ ነበር። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው የፈጸመው ድርጊት ግን በኅብረተሰቡ ዓይን የተፈቀደ ይሆናል። ከዚህም በላይ የሰባት ዓመት ልጅ ቂንጥር በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚለካ ስለሆነ፣ እየተንፈራገጠች ባለች ልጅ ላይ ‹‹ትንሽ›› የሚባለው የት ላይ እንደሚቆም ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። ይህ አኀዝ በ2000 80 በመቶ፣ በ2005 ደግሞ 74 በመቶ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ሲዳማን ይጨምር በነበረው የደቡብ ክልል 62 በመቶ ተመዝግቧል። ከተገረዙት መካከል ሥጋ ሳይወሰድ መቆረጣቸውን የተናገሩት 3 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ‹‹መውጋት ብቻ›› የሚባለው በእኛ ዘንድ ሰፊ ልማድ አይደለም፤ ጤና ተቋም በሩን ከከፈተለት ግን ሊስፋፋ ይችላል።

ሕጉም ግልጽ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 በማናቸውም ዕድሜ ላይ የምትገኝን ሴት የገረዘ ሰው ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2009 ዓ.ም. ባስተላለፈው ሰርኩላር በመንግሥትም ሆነ በግል የጤና ተቋም የሴት ልጅ ግርዛት እንዳይፈጸም ከልክሏል። በመሆኑም ባለሙያው የእናቲቱን ጥያቄ ሊቀበል አይችልም፤ ‹‹ሌላ ቦታ ሞክሪ›› ብሎ መሸኘትም በቂ አይደለም።

ለእናቲቱ ሲነገራት ግን ማጋነን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመውና በስድስት የአፍሪካ አገሮች 28,393 ወላዶችን ያካተተው የዓለም የጤና ድርጅት ጥናት የተገረዙ ሴቶች በወሊድ ጊዜ ለሚደርስ ደም መፍሰስና ለሕፃን ሞት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ያሳየው ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ዓይነት ላሉት ነው። ያንን አኀዝ በመርፌ ለተወጋች ልጅ መጥቀስ ከእውነት መራቅ ነው፤ እናቲቱም የተነገራት እንዳልደረሰ ካየች ሌላውንም ምክራችንን አታምንም። መወጋቱ ለልጅቱ ምንም የጤና ጥቅም እንደሌለው፣ ሕመምና ፍርሃት እንደሚያስከትል፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ እንደሚችል፣ ልጅቱ ፈቃዷን ለመስጠት እንዳልደረሰችና ሕጉም እንደሚከለክል በእርጋታ መንገር ይበቃል። ግፊቱ ከማን እንደመጣ፣ ከአያት ወይስ ከአባት፣ ጠይቆ ያንን ሰው ወደ ተቋሙ መጋበዝ ከእናቲቱ ጋር ብቻ ከመነጋገር የተሻለ ፍሬ አለው። ልጅቱ በሌላ ቦታ የመገረዝ አደጋ እንዳለባት ከተረዳም ባለሙያው ጉዳዩን ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ ይኖርበታል።

አዋቂዋ ሴት

ከውጭ የመጣችው ወጣት ጉዳይ ሌላ ነው። ድርጊቱ ተፈጽሟል፤ የምትፈልገው ሕክምና ነው። በቅድሚያ አብሯት የመጣውን ሰው ከክፍሉ አስወጥቶ በፈቃዷ ያደረገችው መሆኑን መጠየቅ ይገባል፤ በባል ወይም በጓደኛ ግፊት የተደረገ ከሆነ ምክሩም ይለያልና። ባልደረቦችን ‹‹ኑ እዩ›› ብሎ መጥራት ግን ነውር ብቻ ሳይሆን የሙያ ሥነ ምግባርን መጣስ ነው።

የሚበሳውን ቦታ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በብዛት የሚበሳው የቂንጥር ሽፋን ነው፤ ጌጡ በቀጭኑ ቆዳ አልፎ ከቂንጥሩ በላይ ያርፋል። ትንሹ ወይም ትልቁ የብልት ከንፈርም ይበሳል። ቂንጥሩን ራሱን መብሳት ግን ነርቭንና የደም ሥርን ሊጎዳ ስለሚችል ከሁሉም የከፋ ነው። የሽፋኑና የትንሹ ከንፈር ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይድናል፤ ትልቁ ከንፈር ከ2 እስከ 4 ወር ሊወስድ ይችላል።

ወደፊት ለማድረግ አስባ ምክር የምትጠይቅ አዋቂ ሴት ብትመጣ፣ ባለሙያው ራሱ ሊበሳላት እንደማይችል ገልጾ አደጋውን ሳይሸፍን ይንገራት። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ያልተስተካከለ የስኳር በሽታ ወይም ደም የመርጋት ችግር ያለባት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ፣ ቁስሏ የሚያብጥ ጠባሳ የሚተው፣ በብልቷ ላይ ቁስል፣ ኪንታሮት ወይም ፈሳሽ ያለባት ሴት ባታደርገው ይሻላል። በአገራችን በሩማቲክ የልብ በሽታ የተጎዱ ወጣት ሴቶች ብዙ በመሆናቸው የልብ በር ሕመም መኖሩን መጠየቅም አይዘንጋ።

በልጅነቷ የተገረዘች ሴት ይህን ስትጠይቅ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ሽፋኑ ተቆርጦ የወጣ ሊሆን ይችላል። የቀረው ጠባሳ ደም በደንብ ስለማይደርሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ከጠባሳው ሥር የተደበቀ ፈሳሽ ቋጠሮ ወይም የነርቭ እብጠት ቢኖር መርፌው ለከባድ ሕመምና ለኢንፌክሽን ይዳርጋል። ለዚህች ሴት የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፤ በጠባሳ ላይ አይበሳም። ይሁንና ጥያቄዋ ራሱ ለምርመራ በር ይከፍታል፤ በሽንት፣ በወር አበባ ወይም በግንኙነት ጊዜ ሕመም እንዳላት ከዚህ ቀደም የጠየቃት ባለሙያ ላይኖር ይችላልና።

የቁስሉ አያያዝ

አዲስ የተበሳ ቦታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ቢደማ፣ ቢያብጥና ወደ ነጭ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀጭን ፈሳሽ አውጥቶ ቢደርቅ የተለመደ ነው። ሴትየዋ ቁስሉን ከመንካቷ በፊት እጇን በሳሙና ትታጠብ። በቀን ሁለት ጊዜ በሳላይን ማጠብ በቂ ነው፤ ሳላይን ከሌለ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ፈልቶ በቀዘቀዘ ሩብ ሊትር ውኃ መበጥበጥ ይቻላል። ጨው ማብዛት ቁስሉን ያቃጥለዋል እንጂ አያፋጥነውም። አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ አዮዲን፣ ቅባትና ቅቤ አይደረግበትም። ከሽንት በኋላ በንጹሕ ውኃ ታለቅልቅ፤ ስትጠርግም ከፊት ወደ ኋላ ይሁን። ሕመሙና ፈሳሹ እስኪቆም ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ትታቀብ፤ ከዚያም በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ኮንዶም ያስፈልጋል። በዓሉን ምክንያት አድርጎ ሐይቅ ውስጥ መዋኘትም ለጊዜው ይቅር።

የመርፌው ንጽሕና የሚያጠራጥር ከሆነ የሄፓታይተስ ቢ እና የቴታነስ ክትባቷ ይጣራ። ከተበሳች 72 ሰዓት ካላለፈ የኤች.አይ.ቪ. ድኅረ ተጋላጭነት መከላከያ መድኃኒት ይታሰብ።

ወደ ታማሚያችን እንመለስ። ብዙ ባለሙያ መግል ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው ጌጡን ማውጣት ነው። ጌጡ በድንገት ሲወጣ ግን ሁለቱ ቀዳዳዎች ቶሎ ሊገጥሙና መግሉ በውስጥ ሊታሸግ ይችላል። ትኩሳት ከሌለና እብጠቱ በቦታው የተወሰነ ከሆነ ጌጡ በቦታው ቆይቶ ለመግሉ መውጫ እንዲሆን መተው፣ ለብ ባለ ሳላይን በተነከረ ጋውዝ መያዝና ለፔኒሲሊን አለርጂ ከሌላት ክሎክሳሲሊን 500 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ለ7 ቀን መስጠት ይቻላል። በሁለተኛው ቀን ተመልሳ ትታይ። መግል የቋጠረ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም እየተስፋፋ የሚሄድ ቅላት ካለ፣ ጌጡ በቆዳው ከተዋጠ ወይም ራሷ ከፈለገች ጌጡ ይውጣ፤ የቋጠረውም ተከፍቶ ይፍሰስ። ያለ መግል የሚያሳክክና የሚቀላ ከሆነ ኒኬል ያለበት ብረት ያስከተለው አለርጂ ሊሆን ስለሚችል አንቲባዮቲክ አይጠቅመውም። ሄርፒስ፣ ቂጥኝና ከርክር ከጌጥ ቁስል ጋር ሊመሳሰሉ መቻላቸውም አይረሳ።

በወሊድና በቀዶ ሕክምና ጊዜ

የዳነ ጌጥ ያላት ነፍሰ ጡር በቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ ብትታይ ጌጡን አስቀድሞ ማውጣቱ ይመረጣል። በምጥ ላይ ደርሳ ከታየች ካቴተር፣ ኤፒዚዮቶሚ፣ ቫኩም ወይም ፎርሴፕስ የሚያስፈልግ ሲሆንና ጌጡ በከንፈሩ ላይ ሲገኝ ሊቀደድ ስለሚችል መውጣት አለበት። በዳያተርሚ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምናም ጌጡ የማቃጠል አደጋ አለው። ሊወጣ የማይችል ከሆነ በፕላስተር ይሸፈንና ከመሣሪያው ጫፍና ከመሬት ሰሌዳው መካከል እንዳይውል ይደረግ።

ባለ ሁለት ራስ ዘንግ ከሆነ አንዱን ራስ በጋውዝ ይዞ ሌላውን ወደ ግራ በማዞር ይፈታል። ቀለበት ሆኖ መካከሉ ላይ ኳስ ያለው ከሆነ ኳሱ የሚይዘው በብረቱ ውጥረት ነው፤ የተዘጋ አርተሪ ፎርሴፕስ በቀለበቱ ውስጥ አስገብቶ ቀስ ብሎ ሲከፈት ኳሱ ይወድቃል። በመቁረጫ መቁረጥ ሹል ጠርዝ ስለሚተው የመጨረሻ አማራጭ ነው። ሴትየዋ ቀዳዳው እንዳይዘጋ ከፈለገች መርፌው የወጣለት የካኑላ ፕላስቲክ በቦታው ሊተካ ይችላል። የወጣው ጌጥ በንጹሕ ዕቃ ተደርጎ የካርድ ቁጥሯ ይጻፍበትና ለራሷ ይመለስ፤ በካርዷም ላይ የተበሳው ቦታ፣ የተበሳችበት ዕድሜና በፈቃዷ መሆን አለመሆኑ ይመዝገብ።