አእምሮን የሚያረጋጋ መድኃኒትና የሰውነት ክብደት

ከዓለም ገና ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ቡታጅራ ያደርሳል። በቡታጅራ አካባቢ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 68,378 ሰዎችን መርምረው፥ ባይፖላር የሚባለው የስሜት ሕመም ከ1,000 ወንዶች በ6፥ ከ1,000 ሴቶች በ3 ያህል መገኘቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. አስታውቀዋል። ስለዚህ ሕመሙ የሩቅ አገር ነገር ሳይሆን በጎረቤታችንም ያለ ነው።

ይህ ሕመም ሰውን አንድ ጊዜ ከልክ ባለፈ ደስታና ቍጣ ያስነሣዋል፤ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ንግግሩን ያበዛል፤ ገንዘቡን ያስበትነዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከአልጋው እስከማይነሣ ድረስ በከባድ ኀዘን ይጥለዋል። የአውስትራሊያው ሐኪም ጆን ኬድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1949 ዓ.ም. የሊቲየምን ጥቅም ከገለጸ ወዲህ፥ ቫልፕሮዬት፥ ካርባማዜፒን፥ ኦላንዛፒንና ሪስፐሪዶን የተባሉት መድኃኒቶች ተጨምረው ብዙዎችን ወደ ሥራቸውና ወደ ቤተሰባቸው መልሰዋል።

ነገር ግን አእምሮን የሚያረጋጋው መድኃኒት በሰውነትም ላይ ይሠራል። ኦላንዛፒን በአንጎል ውስጥ የረኃብንና የጥጋብን መልእክት ስለሚያውክ፥ በሽተኛው በልቶም አይጠግብም። ስብ በሆድ ዙሪያ ሲከማች፥ ስኳርን ከደም ወደ ሥጋ የሚያስገባው ኢንሱሊን ኀይሉ ይደክማል፤ ስኳሩም በደም ውስጥ ይቀራል። የደም ስብና የደም ግፊትም ይጨምራሉ። ቫልፕሮዬትም ያወፍራል። ሊቲየም ደግሞ ውሃ ጥም ስለሚያመጣ፥ በሽተኛው ጥሙን በለስላሳ መጠጥ የሚቈርጥ ከሆነ ክብደቱ ቶሎ ይጨምራል፤ ከዚህም በላይ በአንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሊያዳክም ይችላል።

በእኛ አገር አደጋውን የሚሸፍነው አንድ ልማድ አለ። ከስቶ የነበረ ሰው ሲወፍር «ተስማማው፤ አማረበት» ይባላል፤ ቤተሰቡም ደስ ይለዋል። በመጀመሪያ የከሳው ሰውነት ቢመለስ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ቀበቶ በየወሩ የሚጠብበት ሰው ዳነ ሳይሆን ሌላ በሽታ እየተጠጋው ሊሆን ይችላል። ሌሎች ደግሞ ውፍረቱን ጠልተው መድኃኒቱን በገዛ እጃቸው ያቋርጣሉ። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሕመሙ ይመለሳልና።

እንግዲህ የሚደረገው ምንድር ነው? ሚዛንና ሜትር ከመድኃኒቱ ጋር አብረው ይጓዙ። መድኃኒቱ ሳይጀመር ክብደት፥ የወገብ ዙሪያ፥ የደም ግፊትና በባዶ ሆድ የሚወሰድ የደም ስኳር ይመዝገቡ። ከዚያ በኋላ ክብደት በየወሩ፥ ስኳር ከሦስት ወር በኋላ፥ ቀጥሎም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ። የወገብ ዙሪያ ለወንድ 94፥ ለሴት 80 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ነው። በባዶ ሆድ የተወሰደ ስኳር ከ100 በታች ቢሆን ደኅና ነው፤ በድጋሚ ምርመራም 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ይባላል። ይህን ሁሉ ለመለካት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሐኪሙም ውጤቱን አይቶ መጠኑን ሊያስተካክል ወይም መድኃኒቱን ሊለውጥ ይችላል።

በቤት በኩል በሻይ ላይ የሚጨመረውን ስኳር መቀነስ፥ በለስላሳ ፈንታ ውሃ መጠጣት፥ ጎመን፥ ምስርና ባቄላ ማዘውተር፥ ዘይት ማሳነስ፥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር መሄድ ይጠቅማል።

ሊቲየም የሚወስድ ሰው ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። የውሃና የጨው ማነስ፥ ተቅማጥ፥ እንዲሁም ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉት ማስታገሻዎች መድኃኒቱን በደም ውስጥ ከመጠን በላይ ያከማቹታል። ስለዚህ ከጾም በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ቢብስበት፥ ቢያስመልሰው፥ ወይም እግሩ ቢንገዳገድ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይሂድ። የመድኃኒቱ የደም መጠን፥ ኵላሊቱና ታይሮይዱም በየጊዜው ይመርመሩለት።

በዚያው በቡታጅራ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ሲከታተሉ፥ 121ዱ ሞተዋል፤ ዕድሜያቸውም በ30 ዓመት ያህል ማጠሩ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. ተገልጿል። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የአእምሮ ሕመምተኛ ሥጋው ሲታመም የሚያይለት ሰው ያጣል። መድኃኒቱ የሚያመጣው የስኳርና የልብ በሽታ በዚህ ላይ እንዳይጨመር መጠበቅ ይቻላል።

መምህራን ሆይ፥ የምታውቁት በሽተኛ ቢኖር፥ «መድኃኒትህን ውሰድ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «መቼ ተመዘንህ?» ብላችሁም ጠይቁት።