ፋይበሩ በደጃችሁ ያልፋል፤ ፖርቱ ግን በማን ስም ነው?

ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት ካገኛችሁ እለፉት።

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ከቻናል ቻናል እየዞረ ነው። ሰውየው ፖል ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር ገመድ እያሳየ «ፋይበር በደጃችሁ ካለፈ በማግስቱ ሊያስገቡላችሁ ግድ ነው፤ ካላስገቡ ጉቦ ፈልገው ነው» ይላል። ዛሬ ልደታ ኮንዶሚኒየም ለጥገና ገብቼ ሥራዬን ትቼ ስለዚህ ቪዲዮ ስመልስ ዋልኩ። አንድ እናት ደረጃው ላይ አስቁመውኝ፣ «ልጄ፣ ይኸው በመስኮቴ ሥር ያልፋል። ከዚህ እዚህ መጎተት ይሄን ያህል ከባድ ነው?» አሉኝ። «እትዬ፣ እሱ ገመድ እኮ ለዚህ ሕንፃ አይደለም» ብላቸው የባሰ ተናደዱ። ቁጣቸው ተገቢ ነው። የተነገራቸው ምክንያት ግን ውሸት ነው። እኔ ፋይበር ስፕላይስ እያደረግኩ፣ ማለትም ክር ከክር እያጋጠምኩ ነው እንጀራ የምበላው፤ ማን ይናገር የነበረ ነውና በቅደም ተከተል ላስረዳ።

1. የምታዩት ገመድ የምታገኙት ገመድ አይደለም

በዋናው መንገድ የሚያልፈው ወፍራም ገመድ በውስጡ ፀጉር የሚያክሉ ብዙ የብርጭቆ ክሮች ይዟል። እነዚያ ክሮች ወደ ባንክ፣ ወደ ሞባይል ታወር ወይም ወደ ሌላ ሰፈር የሚሄዱ ናቸው። ለአንድ ቤት ተብሎ መሃሉ አይቀደድም። ለመኖሪያ ቤት የተመደበው ክር ስፕሊተር ጋ ይደርሳል፤ ስፕሊተሩ አንዱን ብርሃን ለ8፣ ለ16፣ ለ32 ወይም ለ64 ያካፍለዋል። ከዚያ እኛ ቦክስ የምንላት፣ ፖርት የሚባሉ የገመድ መሰኪያ ቀዳዳዎች ያሏት ሳጥን ትመጣለች፤ ከቦክሷ እስከ ሳሎናችሁ ያለው ቀጭኑ ድሮፕ ኬብል ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ስታስገቡ ጥያቄያችሁ «ፋይበር አለ ወይ?» መሆን የለበትም። «የእኔን ሕንፃ የሚያገለግለው ቦክስ ላይ ክፍት ፖርት አለ ወይ?» በሉ።

2. ቅርበት በዓይን አይለካም

ልደታን የሚያውቅ ያውቃል፤ ሰፈሩን ባቡሩ ለሁለት ከፍሎታል። ከበረንዳህ ሆነህ ከሐዲዱ ማዶ ያለውን ቦክስ በዓይንህ ታየዋለህ። ግን ከሐዲዱ በላይ 750 ቮልት የተሸከመ ሽቦ አለ፤ በዚያ ላይ ድሮፕ ኬብል አሳልፎ የሚወጥር ጤነኛ ሰው የለም። በሥሩ ለመቆፈር ደግሞ የስንት መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አትጠይቁኝ። ማዶ ያለው ቦክስ ለማዶ ነው፤ አበቃ።

«ሩቅ ስለሆንክ ነው ቀስ የሚለው» የሚለው ወሬም ይቅር። ቤታችሁ የሚገባው ቴክኖሎጂ ጂ-ፖን ይባላል፤ እስከ 20 ኪሎ ሜትር እንዲሠራ ታስቦ የተነደፈ ነው። በብዛት የሚሠራበት ደረጃ ለብርሃኑ 28 ዴሲቤል የብክነት አበል ይሰጣል። ለ32 የሚከፍል ስፕሊተር ብቻውን ወደ 17 ይበላል። አንድ ኪሎ ሜትር ብርጭቆ ግን ግማሽ ዴሲቤል እንኳ አይበላም። አንድ የቆሸሸ ኮኔክተር ወይም በሶፋ እግር የተጣመመ ገመድ ከኪሎ ሜትሮች ርቀት በላይ ያበላሻል። ርቀቱን ትታችሁ ከሶፋው ኋላ ያለውን ገመድ እዩ።

3. «ሪሶርስ የለም»

ደሜ የሚፈላው እዚህ ጋ ስለሆነ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ቢሮ ሄዳችሁ ስታመለክቱ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ልጅ ሲስተም ትከፍታለች። የአካባቢያችሁ ቦክስ ስምንት ፖርት አለው፤ ስምንቱም ስም ተጽፎባቸዋል። «ሪሶርስ የለም፣ ሲገኝ እንደውላለን» ትላችኋለች። እሷ አልዋሸችም፤ የዋሸው ሲስተሙ ነው።

ያንኑ ቦክስ እኔ ለጎረቤታችሁ ጥገና ስከፍተው የማየው ሌላ ነው። ስምንት አረንጓዴ ቀዳዳዎች በተርታ አሉ። አምስቱ ላይ ገመድ ተሰክቷል። ሁለቱ የአቧራ ክዳናቸው እንኳ አልተነሳም፤ የሸረሪት ድር አድርቶባቸዋል። አንዱ ላይ ደግሞ ጫፉ የተቆረጠ ድሮፕ ኬብል ተንጠልጥሏል፤ ተከራዩ ለቆ ሲወጣ ቀለም ቀቢው «ይሄ ምንድነው?» ብሎ በመቀስ የቆረጠው መሆን አለበት። ወረቀቱ ላይ ሙሉ የተባለ ቦክስ በተግባር ሦስት ቤት ያስገባል። በዚያው ሕንፃ ላይ ደግሞ ተራ የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ፤ በሞባይል ዳታ ላይ በየወሩ ገንዘባቸውን ያፈሳሉ።

እንዴት እንዲህ ሆነ? ይህን ማንም አያስረዳችሁም። ስፕሊተር ኤሌክትሪክ የማይፈልግ፣ ምንም የማያስብ የብርጭቆ ዕቃ ነው። በድሮው የኮፐር መስመር እያንዳንዱ ደንበኛ ማዕከል ውስጥ የራሱ ፖርት ነበረው፤ ማሽኑ ራሱ ያውቀዋል። በፋይበር ግን ማዕከል ያለው መሣሪያ የሚያውቀው ቤታችሁ የተቀመጠውን ሞደም በመለያ ቁጥሩ ነው። ሞደሙ በየትኛው ቀዳዳ እንደተሰካ አያይም፣ ሊያይም አይችልም። ገመዳችሁን ከ3ኛው ቀዳዳ ነቅዬ በዚያው ስፕሊተር 7ኛ ቀዳዳ ላይ ብሰካው ኢንተርኔታችሁ ወዲያው ይመለሳል፤ ከእኔና ከእግዜር በቀር የሚያውቅ የለም። እንግዲህ የቀዳዳው መዝገብ የተንጠለጠለው በሰው እጅ ላይ ነው። ሠራተኛው ከጻፈ አለ፣ ካልጻፈ የለም።

ሠራተኛው ለምን አይጽፍም? ኮንትራክተሩ የሚከፍለው በገባ መስመር ልክ ነው። መዝገብ ለማስተካከል የሚከፈል ሳንቲም የለም። ኮንትራክተሩ ሲቀየር የእሱ ማስታወሻም አብሮ ይሄዳል። ደንበኛው ደግሞ ቤት ሲለቅ ክፍያውን ያቆማል እንጂ ቢሮ ሄዶ መስመሩን አያዘጋም። ስሙ ፖርቱ ላይ እንደተጻፈ ይቀራል፤ ሰውየው ምናልባት ዛሬ አያት ሰፈር ነው የሚኖረው፣ ልደታ ላይ ግን እስካሁን ፖርት ይዞ ተቀምጧል።

እኔን የሚያበግነኝ መፍትሔው ቀላል መሆኑ ነው። ማዕከል ያለው መሣሪያ እያንዳንዱ ሞደም ለመጨረሻ ጊዜ ብርሃን የላከው መቼ እንደሆነ ያውቃል። አንድ ዓመት ጨለማ የሆኑትን ዝርዝር አውጣ፤ ክፍያ ካቋረጡት ጋር አስተያይ፤ ከዚያ የቦክስ ቁልፍና ማርከር የያዘ አንድ ሰው ላክ። ዶላር አይጠይቅም፣ አስፋልት አይቆፍርም፣ አንድ ሜትር ገመድ አይፈጅም። ይህን ለአለቆች ስናነሳ መልሱ «በዕቅድ ውስጥ ነው» ነው። ሪፖርት ላይ የሚቆጠረው አዲስ የተሰቀለ ቦክስ ነዋ! አዲስ ቦክስ ሲሰቀል ፎቶ ይነሳል፤ አሮጌ ቦክስ ስላጸዳ ማን ይጨበጨብለታል? የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው።

ደላላውን የወለደውም ይኸው የተበላሸ መዝገብ ነው። ደላላ የትኛው ቀዳዳ ባዶ እንደሆነ ከሲስተሙ በላይ ያውቃል፤ የሚሸጥላችሁም ይህንኑ እውቀት ነው። የባሰበት ደግሞ የጎረቤትን ገመድ ነቅሎ የናንተን ይሰካል። ወዲያው የጎረቤት ሞደም ላይ ቀይ መብራት ይበራል፣ ጎረቤት ይደውላል፣ እኔ እላካለሁ፣ የናንተን ነቅዬ የእሱን እመልሳለሁ። ገንዘባችሁን በልቶ የሄደው ሰውዬ ስልክ አያነሳም።

4. ቶሎ ቶሎ የሚስተካከሉ ወሬዎች

«መብራት ሲጠፋ ፋይበሩ ይሞታል»፦ ፋይበር ውስጥ ኤሌክትሪክ የለም፤ ብርሃን ብቻ ነው። የሚሞተው ሞደማችሁ ነው። ለሞደም የሚሆን ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ ግዙ። ሞደሙ ላይ የተጻፈውን ቮልት ግን መጀመሪያ አንብቡ።

ቀዩ «ሎስ» መብራት ከበራ ሞደሙን እያጠፋችሁ ማብራት ምንም አይፈይድም። ብርሃን አልደረሰም ማለት ነው፤ ጥገና ጥሩ።

የ«100 ሜጋ» ነገር፦ ያ ሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል ስታወርዱ የምታዩት ሜጋ ባይት ነው፤ ለ8 አካፍሉት። በሦስት የኮንክሪት ግድግዳ ማዶ መኝታ ቤት ተኝታችሁ ዋይፋዩ ደከመ ብትሉ ደግሞ ፋይበሩ ምን ያድርግ?

ገመድ ቆራጮች ሆይ፣ ውስጡ መዳብ የለም። በአብዛኛው ብርጭቆና ፕላስቲክ ነው፤ ቆርጣችሁ የምታተርፉት የሰፈሩን እርግማን ብቻ ነው።

ቁጥር መስጠቱን እዚህ ጋ ተውኩት፤ የቀረው ሁሉ የተያያዘ ነው።

ስለ ሕንፃዎቻችን ሳልናገር ባልፍ ግን አልተኛም። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሲጀመር ፋይበር እስከ ቤት የሚባል ነገር በማንም ሐሳብ አልነበረም፤ ይሁን። ዛሬ ለሚገነባው ግን ምን ሰበብ አለው? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2016 ማብቂያ በኋላ ፈቃድ የተጠየቀባቸው አዳዲስ ሕንፃዎች ለፈጣን ኢንተርኔት የሚሆን የውስጥ ቱቦ ይዘው እንዲሠሩ አዟል። እኛ ጋ አዲስ ፎቅ ገብቼ ቱቦ ስፈልግ ወይ የለም፣ ወይ በሲሚንቶ ተደፍኗል። ከዚያ ግድግዳ እበሳለሁ፣ ባለቤቱ ይጮሃል፣ ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ የጣራው ቁልፍ ያለው ሰውዬ ክፍለ ሀገር ነው።

በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በዋና ዋና መንገዶች ላይ ገመዶች ከፖል ወርደው መሬት ውስጥ እየገቡ ነው። ይህ በጣም ጥሩ ነው፤ ከቆፋሪ ዶማና ከጭነት መኪና ይድናሉ። ስጋቴ አንድ ነው። ቦክስ በተነቀለና በተዛወረ ቁጥር መዝገቡ አብሮ ካልታደሰ፣ ዛሬ ሦስት የሞተ ፖርት ያለው ቦክስ ነገ የት እንዳለ እንኳ የማይታወቅ ቦክስ ይሆናል። መሬት ውስጥ የተቀበረ ስህተት ደግሞ ፖል ላይ ከተሰቀለው ይልቅ ለማግኘት ይከብዳል።

እናንተ ምን ታድርጉ?

ስታመለክቱ የቅርባችሁን ቦክስ መለያ ቁጥር ከውጭ ፎቶ አንሡና አያይዙ፤ መክፈት ግን የለባችሁም። «ሪሶርስ የለም» ከተባላችሁ «በሲስተም ነው ወይስ በመስክ ታይቶ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የመስክ ማጣሪያ እንዲደረግ በጽሑፍ አመልክቱ፣ የማመልከቻ ቁጥራችሁን ያዙ። የአንድ ብሎክ ነዋሪዎች ተሰብስባችሁ በአንድ ደብዳቤ ብታመለክቱ ደግሞ አሥር ጊዜ ይሻላል፤ አንድ ሰው ተራ ይጠብቃል፣ ለአንድ ብሎክ ግን ተጨማሪ ቦክስ መስቀል ያዋጣል። መልስ ካጣችሁ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለላችሁ። የቴሌኮም ደንበኛ ቅሬታ መስማት ሥራው ነው፤ ሳትጠይቁት ቁጭ ብላችሁ አትርገሙት።

ለደላላ አትክፈሉ። የምትገዙት የጎረቤታችሁን ፖርት ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ተከራዮችን ይመለከታል። ቤት ስትለቁ መስመራችሁን ቢሮ ሄዳችሁ አዘጉ ወይም ወደ አዲሱ ቤት አዛውሩ። አከራዮችም ቁልፍ ስትረከቡ የመብራትና የውሃ ቢል እንደምትጠይቁት ሁሉ ኢንተርኔቱ መዘጋቱን ጠይቁ። መዝገቡን ማጽዳት የድርጅቱ ግዴታ ነው፤ እስኪያጸዳው ድረስ ግን በስማችሁ የተያዘች አንዲት ቀዳዳ አንድ ቤተሰብ ታስጠብቃለች። ይህን ጽሑፍ በየብሎካችሁ ግሩፕ ሼር አድርጉት፤ ያንን ቪዲዮ ግን ተዉት።