የሴቶች ጎልፍ ቀይ ባሕር ዳርቻ ደርሷል፤ ከጅቡቲ የምትነሣ ልጅ በየትኛው በር ትገባለች?

በጅቡቲ ከተማ ሯጭ ለመሆን የምትመኝ ልጅ የሚያስፈልጋት ጫማ፣ አሠልጣኝና የፀሐዩ ግለት የሚበርድበት ሰዓት ነው። የጎልፍ ተጫዋች ለመሆን ለምትመኝ ልጅ ግን ዝርዝሩ ይረዝማል፤ ውኃ፣ ሣር፣ የመጫወቻ ዱላ፣ የውጭ አገር ቪዛ፣ በመጨረሻም ለዓመታት የሚበቃ ገንዘብ ያስፈልጋታል።

እንዲያም ሆኖ የሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ዛሬ ከአፍሪካ ቀንድ የራቀ አይደለም። የአውሮፓ ሴቶች ቱር ተጫዋቾች እአአ በ2019 በኬንያ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በሚገኘው የቪፒንጎ ሪጅ ሜዳ መወዳደር ጀምረዋል። በ2020 ደግሞ በሳዑዲ አረቢያ የቀይ ባሕር ዳርቻ በአገሪቱ የመጀመሪያው የሴቶች ፕሮፌሽናል የጎልፍ ውድድር ተካሂዷል። ዱባይ ከዚያ ቀደም ብላ ከ2006 ጀምሮ የዓለምን ታላላቅ ተጫዋቾች ስታስተናግድ ቆይታለች። ጅቡቲ የምትገኘው በእነዚህ ሁሉ መካከል ነው።

ሆኖም የሴቶች ጎልፍ ወደ ኦሎምፒክ ከተመለሰ ወዲህ በተካሄዱት ሦስት ጨዋታዎች አፍሪካን የወከሉት የደቡብ አፍሪካና የሞሮኮ ተጫዋቾች ብቻ ናቸው። ከጅቡቲም ሆነ ከኢትዮጵያ በዚህ ስፖርት በኦሎምፒክ የተሳተፈች ሴት የለችም። ምክንያቱ የችሎታ ማነስ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ጎልፍ ተወዳዳሪዎቹን የሚመርጥበት መንገድ ሩጫ ከሚከተለው መንገድ እጅግ የተለየ ነው።

ማሸነፏን ሳታውቅ ያለፈችው ባለድል

ሴቶች በኦሎምፒክ ጎልፍ የተጫወቱት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1900 በፓሪስ ነበር። በወቅቱ በከተማዋ ሥነ ጥበብ ትማር የነበረችው አሜሪካዊት ማርጋሬት አቦት ዘጠኙን ጉድጓዶች በ47 ምት ጨርሳ አንደኛ ወጣች። የጨዋታው አዘገጃጀት የተዝረከረከ ስለነበር አቦት የተወዳደረችው በኦሎምፒክ መሆኑን አታውቅም ነበር። በ1955 እስክታርፍ ድረስም ለአገሯ የመጀመሪያዋ ሴት የኦሎምፒክ ባለድል መሆኗን አልሰማችም።

ከዚያ በኋላ ሴቶች በኦሎምፒክ ጎልፍ ለመጫወት 116 ዓመታት መጠበቅ ነበረባቸው። በ2016 በሪዮ ደቡብ ኮሪያዊቷ ኢንቢ ፓርክ፣ በቶኪዮ አሜሪካዊቷ ኔሊ ኮርዳ፣ በ2024 በፓሪስ ደግሞ የኒውዚላንዷ ሊዲያ ኮ ወርቁን ወሰዱ። ሊዲያ ኮ በሪዮ ብር፣ በቶኪዮ ነሐስ አግኝታ ስለነበር በፓሪስ ሦስቱንም ዓይነት ሜዳሊያ አሟልታለች።

ጨዋታው እንዴት ይካሄዳል?

ተጫዋቿ ትንሿን ኳስ በዱላ እየመታች ከመነሻው ጀምሮ ጉድጓድ ውስጥ እስክትገባ ድረስ ትነዳለች። አንድ ሙሉ ሜዳ 18 ጉድጓዶች አሉት። ታላላቅ ውድድሮች በአብዛኛው ለአራት ቀናት ስለሚካሄዱ በድምሩ 72 ጉድጓዶች ይሆናሉ። አሸናፊዋ ሁሉንም በአነስተኛ የምት ብዛት የጨረሰችው ናት።

የፕሮፌሽናሎች ኑሮ የሚወሰነው በሁለተኛው ቀን ማምሻ ነው። በዚያን ሰዓት ከተወዳዳሪዎቹ ግማሽ ያህሉ በማጣሪያው ይቀራሉ፤ በአብዛኞቹ ውድድሮችም የቀረችው ተጫዋች ሽልማት ሳታገኝ ትመለሳለች። የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴልና ካዲ የሚባለው የዱላ ተሸካሚዋ ወጪ ግን ከኪሷ ይወጣል።

ውድድሮቹ የሚዘጋጁት ዓመቱን ሙሉ ከአገር ወደ አገር በሚዘዋወሩ ቱሮች አማካይነት ነው። ከሁሉም የሚልቀው በ1950 በ13 ሴቶች የተመሠረተው የአሜሪካው ኤልፒጂኤ ነው። የአውሮፓ ሴቶች ቱር በ1978 ተቋቁሟል። ከሁሉም በላይ የሚከበሩት በየዓመቱ የሚካሄዱት አምስት ዋና ዋና ውድድሮች ሲሆኑ፣ የዩናይትድ ስቴትስ ኦፕንና የብሪታንያው የሴቶች ኦፕን ከእነርሱ መካከል ናቸው።

የገንዘቡ ልዩነት ሰፊ ነው። በ2024 የዩናይትድ ስቴትስ የሴቶች ኦፕን ጠቅላላ ሽልማት 12 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የወንዶቹ ግን 21.5 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። በኬንያው ውድድር ሁሉም የተካፈሉት ወደ 300,000 ዩሮ ነበር። ታች ባሉት እርከኖች የምትጫወት ሴት ብታሸንፍ እንኳ የዓመቱን ወጪዋን ላትሸፍን ትችላለች።

ለሯጭ የተከፈተው፣ ለጎልፍ ተጫዋች የተዘጋው በር

የጅቡቲ ብቸኛ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ሁሴን አሕመድ ሳላሕ በ1988 በሴኡል በማራቶን ያገኘው ነሐስ ነው። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ሴቶችም በመሮጫው ታይተዋል። በ2012 በለንደን ዙራ ዓሊ በ400 ሜትር ሮጣለች።

ትንንሽ አገሮች እንዲህ የሚሳተፉት በአትሌቲክስ ሁሉን አቀፍ የሚባል ዕድል ስላለ ነው። የተቀመጠውን ሰዓት ያሟላ አትሌት የሌለው አገር ከልጆቹ የተሻለውን ወይም የተሻለችውን እንዲልክ ይፈቀድለታል። በዋናም ተመሳሳይ በር አለ። ልጅቱ ሜዳሊያ ባታገኝ እንኳ ባንዲራዋ ይውለበለባል፤ የሰፈሯ ልጆችም ያዩዋታል።

በጎልፍ ይህ በር የለም። በኦሎምፒኩ የሚጫወቱት 60 ሴቶች ሲሆኑ የሚመረጡት በዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ከአንድ አገር ከፍተኛው ቁጥር አራት ነው፤ ይህም የሚፈቀደው ተጫዋቾቹ በዓለም ከ15ኛ ደረጃ በላይ ከሆኑ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ላሉት ከአንድ አገር ሁለት ይበቃሉ። ለአዘጋጅ አገርና ለእያንዳንዱ አህጉር ቢያንስ አንድ ቦታ ይጠበቃል። የአፍሪካን ቦታ ግን ሞሮኮና ደቡብ አፍሪካ በደረጃቸው ስለሚይዙት ለሌላው የሚተርፍ የለም።

በሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው የሁለት ተጫዋቾች ገደብ ለትንንሽ አገሮች ጥቂት ተስፋ ይሰጣል። ብዙ ጎበዞች ያሏቸው አገሮች ሲገደቡ ቦታው ወደ ታች ይወርዳልና። ሕንዳዊቷ አዲቲ አሾክ በዓለም 200ኛ ሆና ወደ ቶኪዮ ሄደች። እናቷ ዱላዎቿን እየተሸከመችላት እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ለሜዳሊያ ታግላ በአራተኛነት ጨረሰች። ነገር ግን 200ኛ ለመሆንም የደረጃ ነጥብ ያስፈልጋል። ነጥቡ የሚገኘው ደግሞ ዕውቅና ባላቸው ቱሮች በመጫወት ነው። ቤቷ ተቀምጣ የቱንም ያህል ብትጎብዝ ሰንጠረዡ አያያትም።

የውኃው ጥያቄ

የጅቡቲ ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ወራቷ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ከተማዋ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከአዲጋላ አካባቢ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቧንቧ የከርሰ ምድር ውኃ ይመጣላታል። በሞቃትና ደረቅ ምድር አንድ ባለ 18 ጉድጓድ የሣር ሜዳ በቀን ከሺህ ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ሊጠጣ ይችላል። የመጠጥ ውኃ ድንበር ተሻግሮ በሚመጣበት ከተማ ለሣር ይህን ያህል ማፍሰስ ለማንም የሚያስረዱት ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ጨዋታው ያለ ሣርም ኖሯል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነዋሪዎች ለብዙ ዓመታት የተጫወቱት በአሸዋ ላይ ነበር። ጉድጓዱ ያለበትን ቦታ በዘይት በረጠበ አሸዋ ይደለድሉ፣ ኳሷን የሚመቱባትን ቁራጭ ሰው ሠራሽ ሣርም ይዘው ይዞሩ ነበር። በአካባቢው የመጀመሪያው የሣር ሜዳ በዱባይ የተከፈተው በ1988 ነው። በዚያው ዱባይ በ2019 ሴቶች ሙቀቱን ሽሽት ሌሊት በመብራት የተጫወቱበት የፕሮፌሽናል ውድድር ተካሂዷል። እንደ ጅቡቲ ላለች ከተማ ልጆች ምቱን የሚለማመዱበት የመረብ ክልልና ጥቂት ጉድጓዶች ያሉት የሰው ሠራሽ ሣር ሜዳ ለመጀመሪያው ትምህርት ይበቃል። ለከፍተኛ ሥልጠና ግን ወደ ሌላ አገር መሄድ አይቀርም።

ሞሮኮ ምን አደረገች?

የሞሮኮ ታሪክ የሚያሳየው ሜዳ ብቻውን ተጫዋች እንደማያፈራ ነው። አገሪቱ የላላ መርየም ዋንጫ የተባለውን የሴቶች ውድድር ከ2010 ጀምሮ በአውሮፓ ሴቶች ቱር ውስጥ አስገባች። አዘጋጅ አገር ለራሷ ልጆች ግብዣ የመስጠት መብት ስላላት ገና አማተር የሆኑ ሞሮኳውያት ያለ ቪዛና ያለ ረጅም ጉዞ ከዓለም ባለሙያዎች ጎን ቆመው የመጫወት ዕድል አገኙ።

ውድድሩ ለዓመታት የተካሄደባት የአጋዲር ከተማ ልጅ የሆነችው ማሃ ሐዲዊ በዚያ ቱር ሙሉ የመጫወቻ ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ አረብ ሴት ሆነች፤ በሪዮና በቶኪዮም ተሳተፈች። ከካዛብላንካ የተነሣችው ኢኔስ ላክላሌሽ አሜሪካ ሄዳ በዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ እየተማረች ተጫወተች። በመስከረም 2022 የፈረንሳይ ኦፕንን አሸነፈች። በአውሮፓ ሴቶች ቱር ባለድል የሆነች የመጀመሪያዋ አረብና የመጀመሪያዋ ሰሜን አፍሪካዊት እርሷ ናት።

የሕንድም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። አዲቲ አሾክ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ቱር ድሏን ያገኘችው በ2016 በገዛ አገሯ በተዘጋጀው የሕንድ ኦፕን ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላም የኬንያውን ውድድር አሸንፋለች። በሁለቱም አገሮች አገር ውስጥ የተዘጋጀ ውድድር መነሻ፣ ግብዣ ደግሞ መሰላል ሆኗል።

አንዲት አሸናፊ የምትከፍተው መንገድ

በ1998 ደቡብ ኮሪያ በከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ሳለች ሴ ሪ ፓክ የተባለች ወጣት የዩናይትድ ስቴትስ ኦፕንን አሸነፈች። ኳሷ ውኃ ዳር ስትወድቅ ጫማዋን አውልቃ ውኃው ውስጥ ቆማ የመታችው ምት በአገሯ ሰው ልብ ቀረ። በዚያን ጊዜ ኢንቢ ፓርክ አሥር ዓመት ሊሞላት ቀናት የቀሯት ልጅ ነበረች። ከ18 ዓመት በኋላ ልጅቱ በሪዮ ወርቅ ስትወስድ የቡድኑ አሠልጣኝ ሴ ሪ ፓክ ነበረች።

ይህ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ታሪክ አይደለም። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ለኦሎምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ከእርሷ በኋላ ፋጡማ ሮባ፣ ጥሩነሽ ዲባባና ሌሎችም ተከተሉ። ልዩነቱ ከደራርቱ በኋላ የመጡት ልጆች መሮጫ መንገዱ ከቤታቸው ደጃፍ መጀመሩ ነው። በጎልፍ መንገዱን አስቀድሞ ሰው መሥራት አለበት።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

መንገዱን ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብም የራሱ ጥያቄ አለበት። ሳዑዲ አረቢያ በ2023 ለሴቶች ውድድሯ 5 ሚሊዮን ዶላር መድባ ከወንዶቹ ጋር አስተካከለች። ደጋፊዎች ይህን ለሴት ተጫዋቾች ትልቅ እርምጃ ይሉታል። የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ግን አገሪቱ ስፖርቱን ገጽታዋን ለማሳመር ትጠቀምበታለች ሲሉ ይከስሳሉ። እንግሊዛዊቷ ሜገን ማክላረን በ2020 በዚያ እንደማትጫወት በይፋ አሳውቃ ነበር።

የጎልፍ በር በሀብታሞቹ አገሮችም ለሴቶች ገርበብ ብሎ ቆይቷል። በስኮትላንድ የሚገኘው የሚዩርፊልድ ክለብ ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል የወሰነው በ2017 ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የሴቶች ኦፕን በዚያው ሜዳ ሲካሄድ ዋንጫውን ያነሣችው አፍሪካዊት ነበረች፤ ደቡብ አፍሪካዊቷ አሽሊ ቡሃይ።

ከዚህስ ወዴት?

ለአፍሪካ ቀንድ የቅርቡ በር ቪፒንጎ ነው። በዚያ የኬንያ ተጫዋቾች በግብዣ ተሰልፈዋል። ለጎረቤት አገር አማተሮችም ጥቂት ግብዣ ቢመደብ ከጅቡቲ ወይም ከአዲስ አበባ የምትነሣ ልጅ አውሮፓ ሳትሄድ የዓለምን መለኪያ ታየዋለች። አዲስ አበባ በኦልድ ኤርፖርት አካባቢ የቆየ የጎልፍ ክለብ አላት፤ ከጅቡቲ በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ሁለቱ አገሮች በባቡር፣ በወደብና በውኃ ቧንቧ ተሳስረዋል። ሣር የሌላት ከተማ ልጆቿን ሣር ወዳላት ከተማ ለሥልጠና መላክ ብትችል ከሁሉም የረከሰው መፍትሔ ይህ ይሆናል።

በ2028 በሎስ አንጀለስ ከነጠላው ውድድር በተጨማሪ ወንድና ሴት በአንድነት የሚሰለፉበት የጎልፍ ውድድር ይኖራል። ለዚያ የሚደርሱት ዛሬ በሰንጠረዡ ላይ ያሉት ናቸው። ገና ዱላ ያልጨበጠች የአሥር ዓመት ልጅ የምታስበው ከዚያ በኋላ ስለሚመጡት ጨዋታዎች ነው፤ መንገዱን ለሚሠሩላት ሰዎች ግን ጊዜው አሁን ነው።